የአሶሳ ሸክላ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?

ሸክላ ሰብሳቢ ቤት በእንግድነት የገባ ሰው «እስቲ አንድ ዘፈን ክፈትልን» ካለ ትዕግሥቱን ይዞ መግባት ነበረበት። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ይሻገራል እንጂ ዘፈኑ አይጀመርም። አስቀድሞ ሸክላዋ የተገኘችበት ታሪክ መነገር አለበት፤ ከየትኛው ሙዚቃ ቤት ጓዳ፣ ከየትኛው ሟች አጎት ሣጥን እንደ ወጣች። ቀጥሎ ሽፋኑ በእንግዳው ፊት ይገለባበጣል፤ እጁ ላይ ግን አይሰጠውም፣ የእንግዳ እጅ ፈንዲሻ ነክቷል። ከዚያ ሸክላዋ በጠርዟ ተይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትቀርባለች፣ በለስላሳ ጨርቅ ትጠረጋለች፣ መርፌውም ላይ እፍ ይባላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዘፈኑ ሲጀምር እንግዳው ወግ ሊያነሣ ቢሞክር ሰብሳቢው አንድ ጣቱን ቀስሮ «ቤዙን ስማው» ይላል። እንግዳው ከመስማት ሌላ ምርጫ የለውም። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሲሆን ዘፈኑ ያልቅና ሸክላዋ ትገለበጣለች፤ ጀርባዋን ያልሰማ ሰው በሰብሳቢ ሃይማኖት ምንም አልሰማም። የቤቱ ሰዎች ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቁም ሣጥኑ የልብስ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፣ የደመወዙም ነገር ባይነሣ ይሻላል። እኔ ለዚህ ሰው ጠበቃ ልቆምለት ነው። ጠበቃነቴ ግን ነጻ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ሒሳቡን እጠይቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ጆሮውን ይዞ አንድ ጊዜ እንኳ አሶሳ አለመውረዱ ያስጠይቀዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ጥብቅናው። ልክፍቱን ከንቱ የሚሉት ሰዎች ድምፅ ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1898 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃሏን በሰም ሲሊንደር አስቀርጻ ልካ ነበር። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ግን ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበርና ጠፋ። ይህን ታሪክ ለሸክላ ሰብሳቢ ሳያስጠነቅቁ መንገር ጭካኔ ነው፤ አንዳንዱ ሐዘን ሊቀመጥ ይችላል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ምኒልክ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በርሊን ላይ ሸክላ አስቀረጹ። የዚያ ድምፅ ዕድል ከንግሥቲቱ ተሻለ፤ ሸክላዎቹን ያልጣሏቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፣ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በሲዲ ታትመው ዛሬ ማንም ይሰማቸዋል። የንግሥት ቃል ጠፍቶ መኪና ሊማሩ የሄዱት ሰው ቅኝት መትረፉ የሥልጣን ጉዳይ አይደለም። አንደኛው ሰብሳቢ አገኘ፣ ሌላኛው አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ያለውም ታሪክ ከዚሁ አይለይም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ ሲያስወጣ፣ ማጫወቻዎቹ አቧራ ለበሱ፣ ሸክላዎቹም ለልጆች መጫወቻ ሆኑ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ አንድ የማህሙድ አህመድ ሸክላ እጁ ገባ፤ ሰላም አልሰጠውም። አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ የማህሙድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ላይ እንደገና ታተመ፤ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ቅጽ በቅጽ እየወጣ ከ30 አልፏል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ዓለም የሰማው በዚሁ ተከታታይ ነው፤ እሳቸው የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት በ1967 መሆኑን ልብ ይሏል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ለቃሚ ባሕር ዳር ላይ ኃይሉ በ1985 የሠራውን ካሴት አግኝቶ በ2013 አሳተመው፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ካሴት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ተረስታ ኖራ አንድን የሙዚቃ ሰው ከመሪ ላይ አንሥታ ኪቦርዱ ፊት መልሳ አስቀመጠችው። «ይህ ሁሉ አቧራ ምን ይጠቅማል?» ለሚል የቤት ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። በነገራችን ላይ ሁለቱም አዳኞች ከውጭ የመጡ መሆናቸው አያኮራንም፤ ሸክላውን ያቆዩላቸው ግን የእኛው ሰዎች ነበሩ፣ ስማቸው በሽፋኑ ላይ አልወጣም እንጂ።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። ፋልሴቶ እንደሚቆጥረው ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የታተሙት የኢትዮጵያ ትንንሽ ሸክላዎች 500 ገደማ፣ ትልልቆቹ ደግሞ 30 ገደማ ናቸው። ትንሿ ሸክላ በሁለት ገጿ ሁለት ዘፈን ትይዛለች። እያንዳንዱን ዘፈን በደግነት 4 ደቂቃ እናድርገው፤ ትልቋን ሸክላ 40 ደቂቃ። ድምሩ 90 ሰዓት አይሞላም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ ሥራውን ትቶ (ይህ አይሆንም አይባልም) በቀን 8 ሰዓት ሸክላ ቢያዳምጥ፣ ወርቃማው ዘመን የምንለውን ዘመን በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ከነጀርባው ጨርሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሰብሳቢው አርባ ዓመት የሚለፋበት፣ ለአንዷ የሰው ወርኃዊ ገቢ የሚከፍልባት፣ ከወዳጁ ጋር የሚኳረፍባት ዓለም ይህችው ናት። ትንሽ ናት ብዬ ላቃልላት አልፈልግም፤ በ90 ሰዓት ውስጥ ያን ያህል መልካም ነገር ያከማቸ ሌላ ሀገር ብዙ አይመስለኝም። ነገር ግን የአንድ ሀገር ድምፅ በአንድ መደርደሪያ ላይ ከተደረደረ፣ መደርደሪያው ላይ ማን እንደ ወጣና ማን መሬት እንደ ቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው። አሶሳን ዋና ከተማው ባደረገው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሚነገሩት በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በቦሮ ሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ የተዘፈነ የዚያ ዘመን ሸክላ ያለው ሰብሳቢ ካለ ይውጣና ያሳየን። ቆመን እናጨበጭባለን፣ ፈንዲሻ በነካ እጃችንም አንነካበትም።

ይህ የሆነው በማንም ተንኮል እንዳልሆነ ለመረዳት ሸክላ እንዴት ይታተም እንደ ነበር ማየት ይበቃል። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ማኅበሩ ግን በዘመናዊው ሙዚቃ ላይ እጁን አልዘረጋም። ዓምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ነጋዴ በ1969 ሕጉን እያወቀ ጣሰው፤ ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ ቴፑን ሕንድ ላከ፣ ታትሞ ሲመጣም ሸጠ። የፈራው እስር አልመጣም፤ የመጣው ወረፋ ነው። ዓምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። እነ ፊሊፕስና ካይፋ የሚባሉ አሳታሚዎችም ገበያው ውስጥ ነበሩ። ሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ሕንድ፣ ሊባኖስ፣ ግሪክ ደርሶ ይመለሳል፤ ብዙ ዘፋኝ ቤይሩትን ሳያይ ድምፁ አይቷታል። አንድ ነጋዴ የአየር ጭነትና የማተሚያ ከፍሎ ያመጣውን ዕቃ መሸጥ አለበት። ገዢው ማጫወቻ ያለው ሰው ነው፤ ማጫወቻ ያለው ሰው መብራት ያለው ነው፤ መብራት ያለው በአብዛኛው ከተሜ ነው። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በዓባይ ምዕራብ ሱዳን ደፍ ላይ ያለውን የአሶሳን ሰው ድምፅ ማን ሊገዛው ነው ተባለ፣ ማንም ነጋዴ አልቀረጸውም። ዓምሃን በዚህ የሚወቅስ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ወቀሳዬ ለዛሬው ሰብሳቢ ነው፤ እሱ የሽያጭ ጭንቀት የለበትም፣ የነጋዴውን የገበያ ካርታ ግን የሀገሪቱ የሙዚቃ ካርታ አድርጎ ተቀብሎታል።

አሶሳ ምን አለ ለሚል፣ ማንጎውንና ቀርከሃውን ሌሎች ስለሚያወሩለት ልለፈው። በርታዎች ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ትንሹ ከክንድ ብዙም አይበልጥም፣ ትልቁ ወደ ሰው ቁመት ይጠጋል። አንዱ ዋዛ ብቻውን ዜማ አይጫወትም። አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዐሥርና ከዚያ በላይ ነፊዎች ተሰልፈው እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ያቺን አንዲት ድምፁን ያወጣል፤ ከፊተኛው ቀጥሎ፣ ከኋለኛው ቀድሞ፣ ግማሽ ትንፋሽ እንኳ ሳይዘገይ። ዜማው የማንም ሳይሆን በመካከላቸው ይፈጠራል። እምቢልታን በበዓል ያየ ሰው መርሁን ያውቀዋል፤ እዚያ ሦስት ነፊዎች የሚካፈሉትን እዚህ ሙሉ ጓድ ይካፈለዋል፣ እየዞሩም ይጨፍሩበታል። ከነፊዎቹ አንዱ ቢያስነጥስ ከዜማው ላይ አንድ ድምፅ ይጎድላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሊገባለት አይችልም፣ የእሱ ቅል ድምፅ የእሱ ብቻ ነውና። በዚህ ላይ የአሶሳ ጆሮ ሁለት አቅጣጫ የሚሰማ መሆኑ ይጨመር። ከምሥራቅ የአዲስ አበባው ዘፈን ይመጣል፣ ከምዕራብ በኩርሙክ በኩል የሱዳኑ፤ ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ እዚያ ባዕድ አይደለም። የሁለቱም ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ ድንበሩ በጆሮ አይታወቅም። በርታውም ራሱ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራል።

አሁን ሰብሳቢያችንን ከዚህ ጓድ ፊት እናቁመው። እኔ ከማውቃቸው የሰው ዓይነቶች ሁሉ ዋዛ ለመስማት የተዘጋጀው እሱ ነው። ሌላው አድማጭ ዘፋኙን ይሰማል፤ ዘፋኝ ከሌለ የሚሰማው ነገር ያጣል። ሰብሳቢው ግን ዕድሜውን ሙሉ ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ሲያዳምጥ ኖሯል፤ ሳክስፎኑን የነፋው ማን እንደሆነ፣ ኦርጋኑ ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ለምን ዝም እንዳለ፣ በዚህ ሸክላና በዚያኛው ላይ ከበሮ የመታው አንድ ሰው መሆን አለመሆኑን ይከራከራል። አንዲት የተሳሳተች ድምፅ ያበላሸች የመሰለችውን ዘፈን እንዴት እንዳሳመረችው ግማሽ ሰዓት ያወራል። ዐሥራ ምናምን ሰዎች አንዳንድ ድምፅ ይዘው የሚሠሩትን ዜማ ፈትቶ ማን የትኛውን እንደ ያዘ ለመለየት የሚያስፈልገው ጆሮ ይኸው ነው። ይህ ሰው የማያውቀውን ሙዚቃ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም፤ «አልገባኝም» የሚለው ቃል መርፌውን ወደ መጀመሪያው መስመር ለመመለስ ምክንያት ይሆነዋል እንጂ ለመዝጋት አይሆነውም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሀገራችን ብዙ የለም። ያለውም ተሰብስቦ በ90 ሰዓት ሙዚቃ ላይ እየተመላለሰ ነው።

ተቃውሞ ይነሣል፤ ደግሞም ጥሩ ተቃውሞ ነው። ዋዛ የሸክላ ሙዚቃ አይደለም ይባላል። ከአዝመራ ጋር የተያያዘ፣ በአደባባይ የሚነፋ፣ የሚጨፈርበት፣ መንደሩ በሙሉ የሚገባበት ነገር ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት አቧራውም ሰዉም ይቀራል። እውነት ነው፣ ይቀራል። ግን ከየትኛው ሸክላ ላይ ያልቀረ ነገር አለ? የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦችም ሰው የሚጨፍርባቸው ነበሩ፤ ላቡ፣ የቢራው ሽታ፣ የጠርሙሱ ኳኳታ ትንሿ ሸክላ ላይ የለም። ትዝታ በማሲንቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፈን የኖረ ነው፤ 4 ደቂቃ ውስጥ ሲገባ አጥሯል፣ ግን አልሞተም፤ እንዲያውም ሸክላውን የሰማ ልጅ አድጎ ረጅሙን ፍለጋ ሄዷል። የትልቋ ሸክላ አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል። የዋዛ ጓድ በ20 ደቂቃ ሞቅ ብሎት ጀምሮ ይሆናል እንጂ አይጨርስም፤ ቢሆንም ለማያውቀው ጆሮ ከምንም ይሻላል። ዋናው ዋዛ እዚያው ሜዳው ላይ ይቀጥላል። የሸክላው ድርሻ ለማያውቀው ሰው መንገዱን ማሳየት ነው፤ እንደ ዋዛ ያለፍነውም ዋዛ ያስቆጨናል።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ «ተቀርጿል'ኮ፣ ስልክህን ክፈትና እየው» ይላል። በከፊል ልክ ነው። የበርሊኑ የሕዝቦች ሙዚየም የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የነበረው አርቱር ሲሞን በሱዳን በኩል ካሉት በርታዎች ዘንድ ሄዶ ቀርጿል፤ ስለ መለከትና ስለ ዋሽንት ጓዶቻቸውም በ1989 ጥናት አሳትሟል። እንግዲህ የተሰማ እሸቴ ድምፅ በርሊን፣ የዋዛውም ድምፅ በርሊን፤ ድምፃችን ያችን ከተማ ለምን እንዲህ እንደሚወዳት አላውቅም። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ አሶሳ ያለ ልጅ ግን የአያቱን ዜማ ለመስማት በርሊን መጻፍ የለበትም። ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አብዛኛው የበዓል ቀን ቪዲዮ ነው፤ ማስታወቂያ አንባቢው በላዩ ይናገርበታል፣ ዋዛው ገና ሲግል ይቆረጣል፣ ርእሱም «የባህል ጭፈራ» ነው። የየትኛው ቀበሌ ጓድ እንደሆነ፣ ማን እንደሚመራው፣ ዜማው ምን ተብሎ እንደሚጠራና መቼ እንደሚነፋ የሚነግር የለም። ሰብሳቢው በከተማው ሸክላ ላይ የከበሮ መቺው ስም ስለ ጎደለ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ የዐሥራ ምናምን ነፊዎች ስም ሲጎድል በሰላም የሚያድረው በየትኛው ሕሊናው ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። እንግዳ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ይመጣል፣ ቀርጾ ይሄዳል፣ ሸክላው የሆነ ቦታ በውድ ይሸጣል፣ ለነፊዎቹ ግን ምስጋና እንኳ አይደርስም። ይህ በአፍሪካ ሙዚቃ ታሪክ ላይ ደጋግሞ የደረሰ ነገር ስለሆነ በቀልድ አላልፈውም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወርቁ ሲወሰድ ያየ ክልል ነው፤ ዓባይ ከጉባው ግድብ የሚሰጠው ኃይልም ከመንደሩ አልፎ ሩቅ ከተማ እንደሚያበራ ያውቃል። ድምፁንም በነጻ ይስጥ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የሰብሳቢው ልክፍት በሕግ መያዝ አለበት፤ ነፊዎቹ ከመቅረጹ በፊት ይከፈላቸው፣ ውሉ በሚገባቸው ቋንቋ ይጻፍ፣ ስማቸው በሽፋኑ ፊት ላይ ይውጣ እንጂ በጀርባው በደቃቅ ፊደል አይደበቅ። የቀረጻው ሙሉ ቅጂ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ፣ እዚያው ያለ ተማሪ በመጀመሪያ እንዲጠቀምበት። እንቅፋቱ ይህ ነው ብሎ ዝም ማለት ግን ሌላ ኪሳራ አለው። እዚያው ክልል መተከል ውስጥ ባለፉት ዓመታት በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ሰው ሲበተን ጓድ ይበተናል፣ ዐሥር ሰው ተሰልፎ ካልቆመ ደግሞ በአንድ ሰው የሚነፋ ዜማ የለም። ዘፋኝ ብቻውን ስደት ላይም ይዘፍናል። የዋዛ ነፊ ብቻውን ያለችው አንዲት ድምፅ ናት።

ዛሬ የሸክላ ማተሚያዎች ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ ለሚያዝ ደንበኛም ይሠራሉ፤ ዓምሃን ያስጨነቀው የገበያ ብዛት እንቅፋት አይደለም። ወዳጄ ሸክላ ሰብሳቢ፣ ለአንዲት ብርቅ ሸክላ የምታወጣውን ብር አንድ ዓመት ያዝና ከሦስት መሰሎችህ ጋር አዋጣ። አዝመራው ተሰብስቦ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰላሙንም አጣርተህ፣ ጥሩ መቅረጫ ያለው ባለሙያ ይዘህ አሶሳ ውረድ፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቅድ፣ የሚሉህንም ስማ። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ እንደምታውቀው ቅጂዎቹ ከ1 ጀምሮ ይቆጠራሉ፣ የአንተ ዓይን ደግሞ ቁጥር 1 ላይ ነው። ቁጥር 1 የነፊዎቹ ይሁን፤ ቁጥር 2 አሶሳ ይቅር። ከ3 ጀምሮ ከመሰሎችህ ጋር ተጣሉበት።